የሕፃናት ኩላሊትና የሰውነት ነጋሪት

(በሬዲዮ ከተነገረው የጤና ትምህርት የተወሰደ)



ጠላት ድንበር ጥሶ ገባ በተባለ ጊዜ በቀድሞው ዘመን የክተት ነጋሪት ይጐሰም እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነጋሪቱን የሰማ ሁሉ ስንቁን ይዞ ይከታል። ሠራዊቱ አገርን የሚያድን መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በሰፈረበት ስፍራ አዝመራው ይጠፋል፥ ገበሬውም ይቸገራል። በሰው ገላ ውስጥም ይህን የመሰለ ነገር አለ። ዛሬ የምንገልጽላችሁ፥ ሰውነት ራሱን ለማዳን የሚጐስመው ነጋሪት በአንድ የሕፃናት ደዌ ውስጥ ኩላሊትን እንዴት ለመርዝ አሳልፎ እንደሚሰጥ ነው።

የዚህ ነጋሪት ድምፅ ሳይቶካይን የሚባሉት እጅግ ረቂቅ ንጥረ ነገሮች ናቸው። አንድ ጀርም ወደ ሰውነት ሲገባ፥ አስቀድሞ ያገኘው ሕዋስ እነዚህን መልእክተኞች ወደ ደም ይለቃል። ከእነርሱም ውስጥ ቲ.ኤን.ኤፍ. እና ኢንተርሉኪን 1 የሚባሉት ትኩሳትን ያስነሣሉ፥ የደም ሥሮችንም ለውጊያ ያዘጋጃሉ፤ ኢንተርሉኪን 8 ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ውጊያው ስፍራ ይጠራል። በቁስል ዙሪያ የምናየው መቅላት፥ ማበጥና መጋል የዚሁ ጥሪ ውጤት ነው። ይህ ጥሪ ባይኖር ኖሮ ጥቂት ጀርም እንኳ ሰውን በገደለ ነበር።

አሁን ወደ ደዌው እንመለስ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. ጋሰር የተባለ የስዊስ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ5 ሕፃናት ላይ ያየውን ሕመም ጽፎ አስታወቀ። ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባበራሉ፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌት የሚባሉት ቅንጣቶች ያልቃሉ፤ ኩላሊትም ሥራውን ያቆማል። ሕመሙም ሄሞሊቲክ ዩሬሚክ ሲንድሮም ተባለ። መነሻው ግን ብዙ ዘመን ተሰውሮ ቆይቶ፥ በ1983 ዓ.ም. በካናዳ ካርማሊ የተባለው ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር ገለጠው። ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በከብት አንጀት የሚኖር የኢ.ኮላይ ዓይነት ነው፤ የሚያመነጨውም መርዝ የተቅማጥን ጀርም ባገኘው በጃፓናዊው ሊቅ በሺጋ ስም ይጠራል።

ሕፃኑ አስቀድሞ ሆዱን ይታመማል፥ ብዙውን ጊዜም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዘዋል። መርዙ ከአንጀት ወደ ደም ያልፍና ኩላሊት ይደርሳል። በኩላሊት ውስጥ ደምን የሚያጣሩት የደም ሥሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ በውስጣቸው በተነጠፉት ሕዋሳት ላይም መርዙ የሚይዘው እጀታ አለ። መርዙ እጀታውን ይዞ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ገብቶም ሕዋሱ የሚኖርበትን የፕሮቲን ሥራ ያቆምበታል።

የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሊቃውንት የደም ሥር ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ አሳድገው ቲ.ኤን.ኤፍ. ወይም ኢንተርሉኪን 1 ቢጨምሩባቸው እጀታዎቹ እንደሚበዙ አይተዋል። ይህም ማለት የአዋጁ ድምፅ ራሱ ለጠላት በር ይጨምርለታል ማለት ነው። ደግሞም ጤናማ የደም ሥር ውስጡ ደም እንዳይረጋበት ሆኖ የተሠራ ሲሆን፥ መርዙና መልእክተኞቹ ሲተባበሩበት ይህ ጠባዩ ይለወጥና ፕላትሌቶች እየተጣበቁበት ጥቃቅን የረጋ ደም ይሠራል። በጠበበው መንገድ የሚያልፉት ቀይ ሕዋሳት ይቀደዳሉ፤ በኢንተርሉኪን 8 የተጠሩት ነጭ ሕዋሳትም በዚያው ሰፍረው ጉዳቱን ያብሳሉ። ስለዚህ ሕፃኑ ይገረጣል፥ ሽንቱ ያንሳል፤ ፕላትሌቶቹም በኩላሊት ውስጥ ስላለቁ በሌላው ገላው ላይ ደም በቀላሉ ይፈስሳል።

«እንግዲያስ ነጋሪቱን ዝም ማሰኘት ወይም ደሙን ማቅጠን አይበቃምን?» ትሉ ይሆናል። ሐኪሞችም ይህንኑ አስበው ብግነትን የሚያበርደውን ስቴሮይድንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪንን ሞክረዋል፤ የተመኙትን ጥቅም ግን አላገኙም። ሕመሙ በሚታወቅበት ሰዓት መርዙ ሥራውን አድርሷልና። ዛሬ የሚረዳው በጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፥ የቅርብ ክትትል፥ ካስፈለገም ደምን በመሣሪያ ማጠብ ነው። በዚህ ዓይነት እርዳታ አብዛኞቹ ሕፃናት ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ለብዙ ዓመታት ደካማ ኩላሊት ይዘው ይኖራሉ።

እንግዲህ የወላጅ ድርሻ ምንድር ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ምግብን መጠንቀቅ ነው። በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ በደንብ ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ ከበሉት መካከል ብዙ መቶ ሰዎች ታመው 4 ሕፃናት ሞተዋል። በሙዳ ሥጋ ላይ ጀርሙ የሚገኘው በገጽታው ሲሆን፥ ሥጋው ሲከተፍ ግን ከውስጡ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ ክትፎ ለብ ለብ ተደርጎ ለትልቅ ሰው ቢቀርብ፥ ለትንሽ ልጅ ግን መካከሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ሊበስል ይገባል። ወተትም ሳይፈላ አይሰጥ፤ ከብት የነካ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ሁለተኛው ነገር፥ ልጅዎ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከያዘው ከመድኃኒት ቤት የተቅማጥ ማቆሚያና አንቲባዮቲክ ገዝተው አይስጡት። ተቅማጥ የሚያቆመው መድኃኒት መርዙን በአንጀት ያቆየዋል። አንቲባዮቲክም ለሌላው የተቅማጥ ጀርም ለሺጌላ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ፥ በዚህኛው ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው የሐኪም ምርመራ ብቻ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ተቅማጡ ቆሞ ቤተ ሰቡ «ተመስገን» ባለበት ሳምንት ኩላሊቱ መድከም መጀመሩ ነው። በነዚያ ቀኖች ልጁ ከገረጣ፥ ከደከመ፥ ሽንቱም ካነሰ፥ «ነገ ከሥራ መልስ እወስደዋለሁ» ሳይሉ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የሰውነት ነጋሪት አንድ ጊዜ ከተጐሰመ በኋላ ማንም በቀላሉ ሊመልሰው አይችልም፤ ጠላቱ በበሩ እንዳይገባ መጠበቅ ግን በየቤታችን፥ በየማድቤታችን ያለ ሥራ ነው።