ኮኮናት ሁሉ አንድ አይደለም

በአዲስ አበባ ኮኮናት ይበልጥ የሚታወቀው በፀጉር ቅባትነቱ ወይም ተፈጭቶ ኬክ ላይ ሲነሰነስ ነው። ፍሬው ራሱ ሱቅ ውስጥ ሲገኝም ቡናማና ፀጉራም ድቡልቡል ነው። ይህ ግን የፍሬው ውስጠኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ወፍራሙ የውጭ ቃጫ አስቀድሞ ተልጦ ወጥቷል። ዛፉ ላይ ሳለ እንደ ዓይነቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ነው።

ሳይንስ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ኮከስ ኑሲፌራ በሚባል አንድ ዝርያ ነው። በዚያ አንድ ዝርያ ውስጥ ያሉት ልዩነቶች ግን የገበሬን ኑሮ የሚወስኑ ናቸው።

ዋናው ክፍፍል ረጅምና ድንክ የሚባለው ነው። ረጅሙ እስከ 30 ሜትር ያድጋል፤ ፍሬ ለመስጠት ከ6 እስከ 10 ዓመት ያስጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን 60 ዓመትና ከዚያም በላይ ያፈራል። ነጩ ሥጋው ወፍራምና ዘይታም ስለሆነ ደርቆ ኮፕራ ለሚባለው ምርት ይመረጣል። የደረቀ ኮፕራ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ዘይት ነው። ድንኩ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ያፈራል፤ ፍሬው ከመሬት ብዙም አይርቅም፤ ዕድሜው ግን ያጥራል፤ ፍሬውም አነስ ይላል።

የሁለቱ ልዩነት ከቁመት አልፎ አበባቸው ድረስ ይዘልቃል። ኮኮናት በአንድ ዘለላ ላይ ወንዴና ሴቴ አበቦችን አብሮ ይይዛል፤ ወንዴዎቹ እጅግ ብዙ ሲሆኑ ሴቴዎቹ ጥቂትና ከግርጌ ያሉ ድቡልቡሎች ናቸው። በረጅሙ ዛፍ ወንዴዎቹ ብናኛቸውን በትነው ከጨረሱ በኋላ ነው ሴቴዎቹ ለመቀበል የሚደርሱት። ስለዚህ ብናኙ ከሌላ ዛፍ መምጣት አለበት፤ ልጆቹም እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። በድንኩ ሁለቱ ጊዜያት ስለሚገጣጠሙ ዛፉ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ልጁም ወላጁን ይመስላል። ቢጫና ብርቱካናማ ቀለሞች በድንኮች ዘንድ ሳይደበዝዙ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፉት በዚህ ምክንያት ነው።

የሳሞአ ሰዎች ሌላ ክፍፍልም አላቸው፦ ኒዩ ካፋ እና ኒዩ ቫይ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ፣ ጠርዛማና ቃጫው የበዛ ነው፤ በባሕር ላይ ተንሳፍፎ ሩቅ ለመጓዝ የሚመች የዱር መልክ ነው። ሁለተኛው ክብ፣ ቃጫው የሳሳና ውኃው የበዛ ነው፤ የሰው ምርጫ ያበጀው መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ ከ1,300 በላይ ዛፎችን ዘረመል የመረመረ ጥናት ደግሞ ኮኮናት ሁለት ታላላቅ ቤተሰቦች እንዳሉት አሳየ፤ አንዱ የፓስፊክ፣ ሌላው የሕንድ ውቅያኖስ። ሁለቱ ተቀላቅለው ከተገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ማዳጋስካርና አካባቢዋ ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ጥንታዊ መርከበኞች የደረሱበት ዳርቻ።

በጣዕም በኩል ስሪላንካ ንጉሥ ኮኮናት የሚባለውን፣ ውኃው ጣፋጭ የሆነ ብርቱካናማ ዓይነት ታመርታለች፤ የመንገድ ሻጮች አናቱን በቢላ ቆርጠው ለመጠጥ ያቀርቡታል። በታይላንድ ደግሞ ውኃው የሚያውድ አረንጓዴ ድንክ አለ። ሽታውን የሚሰጠው ውህድ የጃስሚን ሩዝን መዓዛ የሚሰጠው ራሱ ነው። ብናኙ መዓዛ ከሌለው ጎረቤት ዛፍ ከመጣ ፍሬው ሽታውን ስለሚያጣ ገበሬዎች ከሌሎች ዓይነቶች አርቀው ይተክሉታል።

ከሁሉም የሚያስገርመው የፊሊፒንሱ ማካፑኖ ነው። ከተለመዱት ፍሬዎች ጋር በአንድ ዘለላ ላይ ይበቅላል፤ ሲሰነጠቅ ግን ውኃና ጠንካራ ሥጋ ሳይሆን ጉድጓዱን የሞላ ለስላሳ፣ ዝልግልግ ነጭ ነገር ይገኛል፤ አይስክሬምና ጣፋጭ ይሠራበታል። የጎደለው አንድ ኢንዛይም ነው፤ በእርሱ መጥፋት ምክንያት ሥጋው አይጠነክርም፤ ለፅንሱም ምግብ ሊሆነው አይችልም። ፅንሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በቅርፊቱ ውስጥ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ሎስ ባኞስ ኤመሪታ ደ ጉዝማን ይህን ትንሽ ፅንስ እያወጡ በብርጭቆ ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ማሳደግ ቻሉ። ከዚያ ወዲህ ማካፑኖ በዕድል ከሚገኝ ፍሬ ወደሚተከል ሰብል ተሸጋገረ።

የዓይነቶች ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በግልጽ ያየችው ጃማይካ ናት። ገዳይ ቢጫ የሚባለው በሽታ በነፍሳት የሚተላለፍ፣ የሕዋስ ግድግዳ የሌለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። መጀመሪያ ፍሬው ሳይደርስ ይረግፋል፤ አበባው ይጠቁራል፤ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ ቢጫ ይሆናል፤ በመጨረሻ አናቱ ወድቆ እንደ ስልክ እንጨት የቆመ ግንድ ብቻ ይቀራል። በወራት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው። ረጅሙ የጃማይካ ዓይነት በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ አጣ። የማሌዥያ ቢጫ ድንክ ግን በሽታውን ስለተቋቋመ ከፓናማ ረጅም ጋር አዳቅለው ሜይፓን የሚባለውን ዲቃላ ሠሩ፤ ደሴቲቱም በእርሱ ዳግም ተተከለች። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሜይፓንም ራሱ ይሞት ጀመር። አንድ መፍትሔ ላይ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ችግሩ ዓይነቶቹን ማቆየት ከባድ መሆኑ ነው። የኮኮናት ዘር እንደ ስንዴና ጤፍ ደርቆ አይቀመጥም፤ በወራት ውስጥ ይበቅላል ወይም ይሞታል። ስለዚህ የዘር ባንኩ ራሱ እርሻ ነው፤ ከነዚህ አንዱ በኮትዲቯር ከአቢጃን አጠገብ ያለው የፖርቡዌ ነው። እርሻው ላይ ደግሞ በሽታና የከተማ መስፋፋት ሊደርሱበት ይችላሉ። ማባዛቱም ከባድ ነው፤ ኮኮናት በሌላ ግንድ ላይ ተቀጥሎ አይበቅልም፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦም አይተከልም፤ ከአንድ ፍሬ አንድ ችግኝ ነው የሚገኘው። በሽታ የተቋቋመ አንድ ዛፍ ያገኘ ገበሬ ያንኑ ዛፍ ማባዛት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በቤልጂየም የሌቨን ተመራማሪዎች የኮኮናትን ማደጊያ ጫፍ በላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ቀንበጥ እንዲያወጣ የሚያደርግ ዘዴ አሳትመዋል። ይህ ወደ እርሻ ከወረደ ያ ገበሬ ያገኘው አንድ ዛፍ ሳይለወጥ ለጎረቤቶቹም ሊዳረስ ይችላል።