በምርመራ የተገኘውን ጽሑፍ ከሌላው ስለ መለየት

በምሁራን መጽሔቶች ከሚወጡት ጽሑፎች አንዳንዶቹ ጸሐፊው ራሱ አይቶ፣ ጠይቆ ወይም ለክቶ ያገኘውን ያቀርባሉ፤ እነዚህ ኢምፔሪካል ይባላሉ። ሌሎቹ ቀድሞ የተጻፈውን ያሰባስባሉ፣ ወይም ሐሳብን በሐሳብ ይመረምራሉ። ሁለቱም ጠቃሚዎች ናቸው። ነገር ግን ተማሪ አንዱን በሌላው ቦታ የወሰደ እንደ ሆነ፣ የአንድ ሰው ምስክርነት በዐሥር ጸሐፊዎች በመደጋገሙ ብቻ ዐሥር ምስክር ይመስለዋል።

ብዙዎች የመለያው ምልክት ቍጥር ነው ይላሉ። ቍጥር ግን ከሌላ መጽሐፍ ሊቀዳ ይችላል። እውነተኛው ምልክት ጸሐፊው ነገሩን እንዴት እንዳወቀ መግለጹ ነው፤ ይኸውም ጥያቄውን፣ ቦታውን፣ ጊዜውን፣ የተጠየቁትን ሰዎችና የአጠያየቁን መንገድ ነው።

ለዚህ ቡታጅራ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ፣ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የልደት፣ የሞትና የፍልሰት ምዝገባ ጀመረ። ኋላም በዚያው አካባቢ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 68,378 ሰዎች ተመርምረዋል፤ በቤት ለቤቱ ጥያቄ ያልተገኙትን ሕሙማን ለማግኘትም የአገሩን ሰው ጠንቅቀው የሚያውቁ ጠቋሚዎች ተጠይቀዋል። ይህ ሁሉ ስለ ተገለጸ አንባቢ ውጤቱን ከመቀበሉ በፊት መንገዱን መመርመር ይችላል።

በቍጥር ላይ ያልቆመ ጽሑፍም ኢምፔሪካል ሊሆን ይችላል። ዊልያም ሻክ በ1950ዎቹ መጨረሻ በቸሃ ጉራጌ መካከል ተቀምጦ ያጠናውን በ1966 ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባሳተመው መጽሐፍ አቅርቧል። በ1971 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ በመንፈስ መያዝን ከረኀብ ሥጋት ጋር አያይዞታል። እዚህ ላይ የታየው ሥርዓት የምርመራ ፍሬ ሲሆን፣ ምክንያቱ ግን የጸሐፊው ትርጓሜ ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ሁለቱ ይለያያሉ።

የምርመራውንም ወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። ቸሃ በወልቂጤ በኩል ነው፤ ቡታጅራ ግን ከጉራጌ ተራሮች ማዶ፣ በመስቃን ምድር ትገኛለች። በአንዱ የታየውን ሳይመረምር ለሌላው የሚሰጥ፣ ምንጩ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ፣ የጻፈው ምርመራ ሳይሆን ግምት ነው። ስለዚህ አስተዋይ አንባቢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ተገኘ?» ብሎ ሳይሆን «ማን፣ የት፣ መቼ፣ ከማን አገኘው?» ብሎ ነው።