በዶሮ ውስጠ እግር ስለሚወጣው እብጠት፤ ስለ ምክንያቱ፥ ስለ ሕክምናውና ስለ መከላከያው

የገጠር ሰው ሀብቱን ሲቆጥር በሬውንና ላሙን፥ በጉንና ፍየሉን ያስቀድማል፤ ዶሮን ግን ብዙ ጊዜ ከቁጥር አያስገባትም። ነገር ግን ለጨው፥ ለቡናና ለልጆች ደብተር የሚሆነው ገንዘብ በብዙ ቤት የሚገኘው ከእንቁላሏና ከጫጩቷ ነው፤ ይህንንም ገንዘብ ይዛ የቤቱን ጉድለት የምትሞላው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። ስለዚህ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ አንክሳ በተቀመጠች ጊዜ ጉዳቱ የዶሮዋ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ነው።

ዶሮን ያለ ጊዜዋ ለቢላዋ ከሚያደርሱት ሕመሞች አንዱ በውስጠ እግሯ የሚወጣው እብጠት ነው። ይህም ሕመም ቶሎ ቢታይ በጥቂት ድካምና በትንሽ ወጪ የሚድን፥ ችላ ቢባል ግን እስከ አጥንት ዘልቆ የሚገድል ነው።

የሕመሙ ምክንያት

ዶሮ ከፍ ካለ ቆጥ ወደ ደረቅ መሬት በዘለለች ጊዜ የሰውነቷ ክብደት ሁሉ በውስጠ እግሯ ላይ ያርፋል። ቆጡም ያልተላገ፥ ጉጥ ያለበት ወይም ጠርዙ የሰላ እንጨት እንደ ሆነ ሌሊቱን ሁሉ ቆዳዋን ሲፍቀው ያድራል። እሾህ፥ ስንጥርና የጠርሙስ ስባሪም ይወጋታል። ይልቁንም ኩስ የተከማቸበትና ርጥበት የማይለየው ወለል ቆዳዋን አርሶ ያላላዋል፤ የላላውም ቆዳ በቀላሉ ይሰነጠቃል።

በተሰነጠቀው ስፍራ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተዋሕስያን ይገባሉ፤ ከእነርሱም አዘውትሮ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሰውነታቸው የከበደ ዶሮዎች ከቀላሎቹ ይልቅ ፈጥነው ይያዛሉ፤ መኖአቸው ቫይታሚን ኤ የጎደለውም ቆዳቸው ስለሚደክም ለሕመሙ የተጋለጡ ናቸው።

የሕመሙ ምልክት

በመጀመሪያ ውስጠ እግሯ ይቀላል፤ ቆዳውም ይለሰልሳል፥ ያብረቀርቃልም። ቀጥሎ በመካከሉ ጥቁር ቅርፊት ይታያል፤ ዶሮዋም እግሯን እያነሣች ታነክሳለች። በመጨረሻ እግሩ አብጦ ይግላል፤ መግሉ ወደ ጅማቱና ወደ አጥንቱ ከደረሰ በኋላ ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ማነከሷን ሳይጠብቅ በየሳምንቱ ማታ ዶሮዎቹ በቆጥ ላይ ሳሉ እያነሣ ውስጠ እግራቸውን ቢያይ መልካም ነው።

ያነከሰች ዶሮ ሁሉ ግን ይህ ሕመም አለባት ማለት አይደለም። የቅልጥሟ ቅርፊት ተነሥቶ ቢሻክር የቅንቅን በሽታ ነው። ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ቢደክሙ፥ አረንጓዴ ቢያስቀምጣቸው፥ ትንፋሽ ቢያጥራቸው፥ አንገታቸው ቢጣመም፥ እግራቸውም ሽባ ቢሆን ፈንግል መሆኑ ያሠጋልና ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ሕክምናው

የሚያክመው ሰው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቢቻለውም ጓንት ያድርግ፤ ይህ ባክቴሪያ በሰው ቁስልም ሊገባ ይችላልና። ከዚህ በኋላ አንዱ ሰው ዶሮዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ክንፏን ሰብስቦ ሲይዛት፥ ሌላው የሚከተለውን ያድርግ።

1ኛ፤ ውሃ አፍልቶ ለብ እስኪል ካቀዘቀዘ በኋላ በ1 ሊትር 2 የሻይ ማንኪያ ጨው አሟምቶ እግሯን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፍዝፍ፤ እድፉንም በሳሙና ይጠብ።

2ኛ፤ እሾህ ወይም ስንጥር ከላይ ቢታይ በፈላ ውሃ በተቀቀለ ወረንጦ ያውጣ።

3ኛ፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ ፖቪዶን አዮዲን ይቀባ።

4ኛ፤ ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ ሸፍኖ በጣቶቿ መካከል እያሳለፈ ይሰር፤ ማሰሪያው ጠብቆ ደም እንዳያግድ ጣቶቿ እንዳያብጡና እንዳይቀዘቅዙ ይመልከት።

5ኛ፤ ማሰሪያውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይለውጥ፤ ቁስሉም እስኪገጥም ድረስ ዶሮዋን ቆጥ በሌለበት ስፍራ፥ በደረቅ ገለባ ላይ፥ መኖዋንና ውሃዋን አቅርቦ ለብቻዋ ያኑራት።

በዚህ ሕክምና ብዙ ሰው የሚስተው እብጠቱን በመጭመቅ ወይም በምላጭ በመቅደድ ነው። የሰው ቁስል መግል ይፈሳል፤ የዶሮ መግል ግን እንደ አይብ የጠጠረ ስለ ሆነ ተጨምቆ አይወጣም፤ የሚጨምቀውም ሰው ሕመሙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በውስጠ እግሯም ጅማትና የደም ሥር ስላለ፥ ያልተማረ እጅ ቢቀድደው ዶሮዋ ትሰነክላለች። እብጠቱ የጠነከረ ወይም በጥቂት ቀን ያልቀነሰ እንደ ሆነ ማደንዘዣና ንጹሕ መሣሪያ ላለው የእንስሳት ሐኪም መስጠት ይገባል።

የባክቴሪያ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከገበያ ገዝቶ መስጠት አይገባም፤ ያለ መጠኑ የተሰጠ መድኃኒት ባክቴሪያውን ያለማምደዋልና። መድኃኒት በምትወስድበት ወራት፥ ከዚያም በኋላ ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪፈጸም ድረስ፥ እንቁላሏም ሥጋዋም አይበላም። ሕመሙ በሰውነቷ የተሠራጨባት ዶሮም ከነአካቴው ለምግብ አትሆንም።

መከላከያው

እግሩን አክሞ ቆጡን እንደ ነበረ የተወ ሰው ሕመሙን መልሶ ይጠራዋል። ቆጡ ከመሬት ከ50 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ፥ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፥ ጠርዙም የተድቦለቦለ ቢሆን ይመረጣል። የባሕር ዛፍ አጣና የሚያኖር ሰው ልጡን ልጦ ጉጡን ይላግ፤ ለእያንዳንዱ ዶሮም ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስፍራ ይተው። ወለሉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ደረቅ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ይሸፈን፤ የረጠበው ወዲያው ይለወጥ፤ ይልቁንም በክረምት። መኖአቸውም ጎመንና ሌላ አረንጓዴ ቅጠል፥ ቢገኝም ቢጫ በቆሎ ቢጨመርበት ቆዳቸውን ያጸናል።

የሹማምንት ተግባር

የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ገበሬውን ለሌላ ጉዳይ በሚጎበኙበት ጊዜ የዶሮውን ቤት ደግሞ ቢያዩ፥ በየመንደሩም አንድ መልካም ቆጥ አሠርተው ቢያሳዩ ከብዙ ቃል ይበልጣል። ምክሩንም ለአባወራው ብቻ መንገር በቂ አይደለም፤ ዶሮዎቹን በየቀኑ የምትመግበውና የምትጠብቀው እመቤቲቱ ናትና እርሷ ባለችበት ይነገር። ባለ ይዞታዎችም በየግቢያቸው አስቀድመው ቢያደርጉት ጎረቤት አይቶ ይከተላል። አንድ አጣና መላግና አንድ ሸክም ገለባ መለወጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የዚህ የግማሽ ቀን ሥራ ጉድለት ግን ብዙ ወራት እንቁላል ልትጥል የምትችለውን ዶሮ ከቤት ያጠፋል።