መሪነትን በአገሬው ሚዛን መመዘን፦ ከኩፋ መስጂዶች እስከ አንኮበር

የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ካገኘ ወዲህ፣ የመጅሊስም ሆነ የመስጂድ አመራር በምን ይመዘን የሚለው ጥያቄ ችላ የሚባል አይደለም። ጥያቄውን ከሰሜን ሸዋ አንጻር እንመለከተዋለን።

የሚዛኑ መሠረት

ኢብኑ ተይሚያ «አስ ሲያሳ አሽ ሸርዒያ» በተሰኘው ሥራቸው፣ ሱረቱል ቀሰስ ቁጥር 26ን መነሻ አድርገው፣ የሹመትን መስፈርት ችሎታና አማና ብለው ይከፍሉታል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ተሟልተው የሚገኙት ከስንት አንዴ በመሆኑ፣ ለጦር አዝማች ብርታትን፣ ለገንዘብ ጠባቂ አማናን ያስቀድማሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የታተመው «ግሎብ» የተሰኘ ጥናት በ62 ማኅበረሰቦች ተካሂዶ፣ ታማኝነትና ፍትሐዊነት በሁሉም ዘንድ የሚወደዱ የመሪ ባሕርያት መሆናቸውን አሳይቷል። አንዳንድ ሌሎች ባሕርያት ግን ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ኢትዮጵያ በጥናቱ አልተካተተችም። ስለዚህ የውጭ መጠይቅ ተርጉሞ ማደል ብቻውን አይበቃም።

ዝምታ ምስክር ነውን?

ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ጭምር ባደረገው ጥናት ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» መባሉ ያለ ነገር አይደለም። ይሉኝታ ባለበት አገር «ኢማማችሁን ከ1 እስከ 5 መዝኑ» ቢባል፣ ብዙው ሰው 5 ሰጥቶ የቀረውን ሆድ ይፍጀው ይላል። ወርቁን ሳያገኝ ሰሙን የቆጠረ መዛኝ የተበደለውን ሰው ድምፅ ያጣል።

በሰሒሕ አል ቡኻሪ እንደተዘገበው፣ የኩፋ ሰዎች በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ላይ አቤቱታ ሲያቀርቡ፣ ዑመር (ረ.ዐ.) ከሹመታቸው አንስተው በመጀመሪያ የራሳቸውን መልስ ሰሙ። ቀጥሎም መልእክተኛ ልከው በየመስጂዱ አስጠየቁ። ሁሉም አመሰገናቸው፤ በበኒ ዐብስ መስጂድ ግን አንድ ሰው ተነስቶ ከሠራዊቱ ጋር እንደማይዘምቱ፣ በእኩል እንደማያካፍሉና በፍርድ እንደማያስተካክሉ ተናገረ። ሰዕድም ሰውየው ዋሽቶ እንደሆነ ዱዓ አደረጉበት፤ ዱዓውም ደረሰበት። ዑመር ከማረፋቸው በፊት ሰዕድን ያነሷቸው በድክመት ወይም በክህደት እንዳልነበረ መስክረዋል። ከታሪኩ የምንረዳው፣ የብዙኃን ውዳሴም የአንድ ሰው ክስም ሳይመረመር ፍርድ እንደማይሆን ነው።

በአንኮበር ግርጌ

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነበረች፤ የኢፋት ሙስሊም ሹምም ወላስማ ይባል ነበር። እንዲህ ያለው ሹም ከንጉሡ፣ ከነጋዴውና ከአማኙ ፊት ይቆማል፤ ሦስቱም የሚጠይቁት የተለያየ ነው። ዛሬም አርጎባና አማራ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በሚገበያዩበት በዚህ አካባቢ፣ ኢማም በኹጥባው ብቻ ሳይሆን በጎረቤት ዕርቅም ይመዘናል።

ለመምህራንና ለኢማሞች

አራት ነገሮችን እንመክራለን። አንደኛ፣ መስፈርቱን ከጀመዓው ጋር ተመካክሮ መወሰን። ሁለተኛ፣ «ጥሩ ናቸውን?» ከማለት ይልቅ «ባለፈው ጠብ ወደ ማን ሄዳችሁ? ምን ተፈጸመ?» ብሎ ስለ ድርጊት መጠየቅ። ሦስተኛ፣ ሴቶችን በሴት ጠያቂ፣ ወጣቶችንና ደረሶችን ለየብቻ፣ በሚቀናቸው ቋንቋ ማነጋገር። አራተኛ፣ ውጤቱ ከመነገሩ በፊት ለተመዛኙ አሳይቶ መልሱን መስማት።

የሐሰት ክስ የመሪን ክብር ያጎድፋል፤ የይሉኝታ ውዳሴ ደግሞ የየቲምንና የደረሳን ሐቅ ያስቀራል። ሁለቱም አማናን ማጉደል ነውና፣ መዛኙም ነገ በአላህ ፊት የሚመዘን መሆኑን አይዘንጋ።