በነፃ የታደለን ዕቃ አርማውን አንሥቶ ለቤትና ለእርሻ ማዋል

በድሬዳዋ ዙሪያ የምትገኙ ገበሬዎች ሆይ፤ በየስብሰባው፣ በየመስክ በዓሉና በየቅስቀሳው የሚታደለው ካናቴራ፣ ኮፍያና ባነር፣ እንዲሁም እህልና ዘይት የመጣበት ጆንያና ቆርቆሮ በብዙዎቻችሁ ቤት ይገኛል። ዕቃው ይጠቅማል። አርማው ግን ለባሹን የሌላ ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳ ያደርገዋል። ጆንያውም ቀፊራ ገበያ ሲቀርብ ላዩ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ስለሚሆን ገዢው ይጠራጠራል። ስለዚህ አርማውን አንሥቶ ዕቃውን እንደገና መሥራት መልካም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት

መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት፣ «ይህ ዕቃ ምን ይዞ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የተባይና የአረም መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስ ወይም ጀሪካን ቢታጠብም ለውሃ፣ ለወተት፣ ለዘይት አይሆንም። መድኃኒት የተቀባ ዘር የነበረበት ከረጢትም ለእህል አይሆንም። በተለምዶ «ማዳበሪያ» የምንለው ጆንያ ስሙን ያገኘው ከያዘው ነገር ነው። በእርግጥ የአፈር ማዳበሪያ የነበረበት ከሆነ አፈር ይያዝበት እንጂ የሚበላ አይጨመርበት። የድርጅት አርማ ይነሣል፤ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍና የራስ ቅል ሥዕል ግን ፈጽሞ አይነሣም። እርሱ ከጠፋ፣ ከእናንተ በኋላ ዕቃውን የሚያገኝ ልጅ የሚጠብቀው ነገር የለም።

አሠራሩ

1ኛ/ ካናቴራ። ወፍራሙ ቀለም በእጥበት አይለቅም። በቤንዚን ማሸት ቆዳን ይጎዳል፤ እሳትም ያስነሣል። ይልቅስ በአርማው ላይ ከሌላ ጨርቅ የተቆረጠ ኪስ ስፉበት። ያረጀውን ግን ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ቀዳችሁ የቲማቲም ግንድ ከድጋፉ ጋር እሰሩበት፤ ለስላሳ ስለ ሆነ እንደ ሲባጎ ግንዱን አይቆርጥም።

2ኛ/ ኮፍያ። አርማው በክር የተጠለፈ ከሆነ ኮፍያውን ገልብጡና ክሩን ከውስጥ በኩል በምላጭ ጫፍ በጥንቃቄ ቁረጡ፤ ከዚያ በፊት ለፊት በኩል ክሩን ልቀሙ። የቀረው ቀዳዳ በውሃ አርሶ በጣት ሲታሽ ይጠባል።

3ኛ/ ጆንያ። የአፉን ስፌት አትቅደዱ፤ ትክክለኛው የክር ጫፍ ከተገኘ ሲሳብ ሁሉም ይተረተራል። ጆንያውን ገልብጣችሁ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይሁን። ከተቆረጠ ጠርዙ እንዳይተረተር ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋ። የድሬዳዋ ፀሐይ የላስቲክ ጆንያን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ሲፈረካከስም ማሳውን ያቆሽሻል። ስለዚህ በጥላ ይቀመጥ። ውሃ የቦረቦረውን መሬት ለመግታት አፈር ሞልታችሁ ስትደረድሩትም ላዩን በአፈርና በድንጋይ ሸፍኑት።

4ኛ/ ባነር። ሁለት ባነሮችን ሥዕላቸውን ፊት ለፊት ገጥማችሁ ዙሪያውን ስፏቸው፤ በሁለቱም ወገን አርማ አይታይም፤ ብርታቱም እጥፍ ይሆናል። ድንገተኛ ዝናብ ሲመጣ የማሽላ ክምር ይከደንበታል። ሆኖም ጎንና ጎኑ ለነፋስ ክፍት ይሁን፤ እርጥበት ከታፈነ እህሉ ይሻግታል። ዝናቡ እንዳባራም ግለጡት።

5ኛ/ የምግብ ዘይት ቆርቆሮ። ቀለሙን በአሸዋና በአመድ ፈትጉት፤ ጭሱ ስለሚጎዳ አታቃጥሉት። የተቆረጠውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በመዶሻ ቀጥቅጡ። ታቹን በቀጭን ምስማር በስታችሁ የሽቦ እጀታ ብታበጁለት፣ መደቡን ሳይሸረሽር ችግኝ የሚያጠጣ መልካም ዕቃ ይሆናል።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ስታስተምሩ ዕቃዎቹን በሁለት ክምር ለይታችሁ አሳዩ፤ አንዱ የሚሠራበት፣ ሁለተኛው የማይነካ። ባዶ የመድኃኒት ዕቃ ሦስት ጊዜ በውሃ ተለቅልቆ እጣቢው እዚያው መርጫው ውስጥ ይጨመር፤ ቀጥሎም ዳግመኛ እንዳይቀዳበት ይበሳ። ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ውሃ ጉድጓድ አይጣል። ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ገበሬ ቢኖር፣ ምልክቱን በጣታችሁ እያሳያችሁ አስረዱት።

በነፃ ከተገኘ ዕቃ ጥቅም የሚያገኝ፣ ምን ይዞ እንደ ነበረ አስቀድሞ የጠየቀ ነው።