ሞክሼ ኮምፒዩተሮች

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከማንኩሳ ወጥተን፣ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተን ሁለተኛ ደረጃ ስንማር፣ ደብዳቤ የሚደርሰን በትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር በኩል ነበር። የመቶዎች ተማሪዎች የውጭ አድራሻ አንድ ቁጥር ሲሆን፣ ደብዳቤውን ከባለቤቱ የሚያገናኘው ከቁጥሩ በላይ የተጻፈው ስም ነበር። በክፍላችን በስምም በአባት ስምም ሞክሼ የሆኑ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንድ ቀን እናቱ በጠና መታመማቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ የደረሰው አንደኛው ልጅ ደንግጦ ወደ መንደሩ ገሰገሰ፤ እናቱን ግን በደህና አገኛቸው። የታመሙት የሞክሼው እናት ነበሩ። እውነተኛው ባለ ደብዳቤ ወሬውን የሰማው ከቀናት በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ያስታወሰን በቤተ ሙከራችን የደረሰ ችግር ነው። አንድ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪያችን፣ ስለ ሙቀት ሽግግር የሚሠራውን ረጅም ስሌት በአራት ምናባዊ ኮምፒዩተሮች ላይ አከፋፍሎ ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲፈተን ጤነኛ ነው፤ አራቱ በአንድነት ሲሠሩ ግን መልእክት እየጠፋ ስሌቱ እኩለ ሌሊት ላይ ይቋረጣል። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው ብለን ለሁለት ሳምንታት ደጋግሞ እንዲጽፈው አደረግነው። ስህተቱ ግን የእኛ ነበር።

ሁለቱ አድራሻዎች

ለመሆኑ ምናባዊ ኮምፒዩተር ምንድን ነው? በእውነተኛው ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። እውነተኛው አስተናጋጅ፣ ምናባዊው እንግዳ ይባላሉ። እንግዳው የራሱ የአውታር ካርድ ያለው ሆኖ ስለሚሠራ፣ እንደማንኛውም ኮምፒዩተር ሁለት አድራሻዎች ያስፈልጉታል።

የመጀመሪያው ባለ 48 ቢት የካርድ አድራሻ፣ ማለትም ማክ አድራሻ ነው። የፊተኞቹ 24 ቢቶች የአምራቹ መለያ ናቸው፤ ቨርቹዋልቦክስ በተባለው ሶፍትዌር የሚፈጠሩት ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ በ08-00-27 ይጀምራሉ። ሁለተኛው የአይፒ አድራሻ ነው። የተለመደው ዓይነት 32 ቢት ስላለው ከ4,294,967,296 አድራሻዎች አይበልጥም። ይህም ለዓለም ስለማይበቃ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢንተርኔት ደንብ ማንም በግቢው ውስጥ የሚጠቀምባቸውን የግል አድራሻዎች ለይቷል፤ በ10 እና በ192.168 የሚጀምሩት ከእነዚህ ወገን ናቸው።

ሦስቱ መንገዶች

እንግዳው ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ናት ይባላል። ልክ እንደ ትምህርት ቤታችን የፖስታ ሣጥን፣ እንግዳው በአስተናጋጁ አድራሻ ይልካል፤ አስተናጋጁም ማን እንደላከ በመዝገብ ይዞ መልሱን ያደርስለታል። በቨርቹዋልቦክስ እንግዳው ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ 10.0.2.15 የሚለውን አድራሻ ያገኛል። መቶ ተማሪዎች በመቶ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህንኑ ቁጥር ቢያዩ ችግር የለም፤ ሁሉም በየግቢው ነውና። ይሁንና ከውጭ ቀድሞ የሚመጣ መልእክት፣ አስቀድሞ ካልተነገረ በስተቀር፣ ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም።

ሁለተኛው ድልድይ ነው። እንግዳው የራሱ የፖስታ ሣጥን እንደተከራየ ሁሉ፣ ከቤተ ሙከራው መረብ የራሱን አድራሻ ይይዛል። ሦስተኛው አስተናጋጁና እንግዶቹ ብቻ የሚነጋገሩበት፣ ከግቢ የማይወጣ መረብ ነው።

የተፈጸመው ስህተት

የቤተ ሙከራችን ኮምፒዩተሮች ለማስተማሪያ በዊንዶውስ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ በአራቱ ላይ ሊኑክስ ያለው እንግዳ በድልድይ መንገድ አስቀመጥን። አንዱን ሠርተን ሦስቱን ከእርሱ ገለበጥን። የአይፒ አድራሻቸውን ለያየን፤ የካርድ አድራሻው ግን አብሮ ተገልብጦ ስለነበር አራቱም ሞክሼ ሆኑ። ኮምፒዩተሮቹን የሚያገናኘው ስዊች አንድን የካርድ አድራሻ በአንድ በር ብቻ ይመዘግባል፤ ስለዚህ መልእክቱን የሚልከው በመጨረሻ ወደ ተናገረው ነው። ተቀባዩም የአይፒ አድራሻው የእርሱ አለመሆኑን አይቶ መልእክቱን ይጥለዋል። አንዱ ብቻ ሲበራ ሁሉ ነገር ደህና የሚመስለውም ስለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስንገለብጥ አዲስ የካርድ አድራሻ እንዲፈጠር ማዘዝ ይገባል። በአንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶች የማሽኑ መለያ ቁጥርም መታደስ አለበት፤ አለዚያ አድራሻ አዳዩ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ተመሳሳይ የአይፒ አድራሻ ሊሰጣቸው ይችላል። ቋሚ አድራሻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አዳዩ ከሚያከፋፍለው ክልል ውጭ ይሁን፤ ለምሳሌ አዳዩ እስከ 192.168.1.150 የሚያድል ከሆነ፣ ከ192.168.1.201 እስከ 204 ያሉትን መምረጥና በመዝገብ መጻፍ ያስፈልጋል።

ይህን ባደረግንበት ሌሊት ስሌቱ ሳይቋረጥ አደረ። ተማሪያችንን ይቅርታ ጠየቅነው፤ መጀመሪያ የጻፈው ፕሮግራምም አንድ መስመር ሳይለወጥ ሠራ።