የሆድ መነፋትና ቦርጭ አንድ አይደሉም



በቂርቆስና በካዛንቺስ በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች የምሳ ሰዓት አልፎ ሠራተኛው ወደ ወንበሩ ሲመለስ፥ ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ የሚያላላ ሰው አይታጣም። ጠዋት ልኩ የነበረው ልብስ ከቀትር በኋላ ይጠብበዋል። እርሱም «ወፈርሁ» ብሎ ያዝናል፤ ወዳጁም «እንጀራ ተው» ብሎ ይመክረዋል። ምክሩን ሰምቶ አንድ ሳምንት እንጀራ፥ ዳቦና ስኳር የተወ ሰው ሚዛን ላይ ቢወጣ 2 ኪሎ ያህል ጎድሎ ሊያገኝ ይችላል፤ ስለዚህም የውፍረቱ ምክንያት እንጀራ ብቻ እንደ ነበረ ያምናል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ ይህ ሰው ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን፥ ይኸውም ነፋስን፥ ውሃንና ስብን፥ እንደ አንድ ነገር መቁጠሩን ነው። ሦስቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው የሚጠቅመውን ምግብ ትቶ የሚጎዳውን ሊይዝ ይችላል። ከዚህም የከፋው፥ የሕመም ምልክት የሆነውን እብጠት እንደ ውፍረት ቆጥሮ ሐኪም ሳያይ መቅረቱ ነው።

ካርቦሃይድሬት ምንድን ነው?

የሥነ ምግብ ሊቃውንት ካርቦሃይድሬት የሚሉት በእህል፥ በጥራጥሬ፥ በድንችና በመሳሰሉት ሥራ ሥሮች፥ በፍራፍሬ፥ በወተትና በስኳር ውስጥ የሚገኘውን ኃይል ሰጪ ነገር ነው። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 70 ግራም የሚያህለው ካርቦሃይድሬት ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ለሰውነት 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስብ ወይም ዘይት ግን 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። እንግዲህ ካርቦሃይድሬት በጠባዩ ከሌላው ምግብ ይልቅ የሚያወፍር አይደለም።

ነገር ግን ካርቦሃይድሬት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በቀጭኑ አንጀት ተፈጭቶና ወደ ደም ገብቶ ኃይል ይሆናል። ሌላው ደግሞ የሰው አንጀት ሊፈጨው ስለማይችል እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። የመጀመሪያው ከመጠን ሲያልፍ ቦርጭን ሲያመጣ፥ ሁለተኛው የሆድ መነፋትን ያመጣል። የጽሑፋችን ቁም ነገር ይህ ነው።

ስለ ነፋስ

በትልቁ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን ይኖራሉ። ያልተፈጨው ካርቦሃይድሬት ወደ እነርሱ ሲደርስ ልክ በቡሃቃ ውስጥ እንዳለ ሊጥ ያቦኩታል፤ ሊጥ ሲቦካ እንደሚኮፈስ ሁሉ አንጀትም በሚወጣው ጋዝ ይነፋል። ጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ 1 ሊትር ተኩል የሚደርስ ጋዝ ያስወጣልና፥ ነገሩ በራሱ የሚያሳፍርም የሚያስፈራም አይደለም።

በገበታችን ላይ ይህን ነፋስ የሚያበዙት በተለይ አራት ናቸው።

1ኛ፤ ጥራጥሬ ነው። በሽምብራ፥ በባቄላ፥ በአተርና በምስር ውስጥ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ የስኳር ዓይነቶች አሉ። የሰው አንጀት እነዚህን የሚፈጭ ኤንዛይም ስለሌለው ሲሳዩ የባክቴሪያ ይሆናል።

2ኛ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፥ እንዲሁም ስንዴና ገብስ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ፍሩክታን የሚባል ካርቦሃይድሬት አለ፤ እርሱም ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት እንደ መሆኑ፥ ሽሮ በልቶ የተነፋ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በሽምብራው ላይ ማድረግ አይገባውም።

3ኛ፤ ወተት ነው። ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ኤንዛይም ከልጅነት በኋላ በብዙ ሰዎች ዘንድ ይቀንሳል። በአንዳንዱ ሰው ግን ሳይቀንስ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የዘር ጥናት፥ ይህ ኤንዛይም ሳይጠፋ እንዲኖር የሚያደርጉ በርካታ ልዩ ልዩ የዘር ምልክቶች በኢትዮጵያውያን ዘንድ ተገኝተዋል። ስለዚህ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማኪያቶ ከሚጠጡ ሁለት ባልንጀሮች አንዱ ምንም ሳይሆን ሌላው ቢነፋ ሊያስደንቀን አይገባም። ወተት የማይስማማው ሰው እርጎንና አይብን ይሞክር፤ ሲረጋ ከላክቶሱ አንዳንዱ ይቀንሳልና።

4ኛ፤ ከምግቡ ይልቅ አበላሉ ነው። በችኮላ የሚጎርስ ሰው አየርም አብሮ ይውጣል። ምግብ እንዲፈጭለት ብሎ ጋዝ ያለው ውሃ የሚደርብም ሰው በነፋስ ላይ ነፋስ ይጨምራል።

ነገር ግን ከነፋስ የተነሣ የተነፋ ሆድ ስብ አልጨመረም። ጋዙ ሲወጣ ሆዱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ስለ ውሃ

አሁን ወደዚያ 2 ኪሎ ወደ ጎደለለት ሰው እንመለስ። ሰውነት የዕለት ሥራውን ሠርቶ የተረፈውን ካርቦሃይድሬት በመጀመሪያ የሚያከማቸው በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ነው። የአንድ ጎልማሳ ክምችት 500 ግራም ያህል ሊደርስ ይችላል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ 500 ግራም ግላይኮጅንና 1,500 ግራም ውሃ አንድ ላይ 2 ኪሎ ይሆናሉ።

እንጀራና ዳቦ በአንድ ጊዜ የተወ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያጣው በአብዛኛው ይህንን ነው። ስብ ግን እንዲህ በችኮላ አይቀልጥም። ያም ሰው ወደ እንጀራው ሲመለስ ጎተራው እንደገና ይሞላል፤ 2 ኪሎውም ይመለሳል። ይህን ያላወቀ ሰው «እንጀራ በቀመስሁ ቁጥር እወፍራለሁ» ብሎ ራሱን ያስጨንቃል። ጨው የበዛበት ምግብም እንዲሁ ለጊዜው ውሃ በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል።

ስለ ስብ

ቦርጭ የሚመጣው በአንድ ምሳ ሳይሆን፥ ከሥራችን የሚበልጥ ኃይል በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ስንጨምር ነው። ትርፉም በቆዳ ሥር ብቻ ሳይሆን በሆድ ዕቃ መካከልና በጉበት ውስጥ በስብ መልክ ይከማቻል። ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም ይበልጥ የሚያጋልጠውም ይህ የውስጥ ስብ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። በካዛንቺስ የምትሠራ አንዲት ሴት በየቀኑ ሦስት ሲኒ ማኪያቶ ብትጠጣ፥ በያንዳንዱም ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትጨምር፥ አንዱ ማንኪያ 5 ግራም ቢመዝን በቀን 30 ግራም ስኳር ይሆናል። ይህ 120 ኪሎ ካሎሪ ነው። በ365 ቀን ቢባዛ 43,800 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ስለሚይዝ፥ ይህ ከ5 ኪሎ በላይ ስብ የሚሆን ኃይል ነው። ሰውነት ራሱን ከአመጋገቡ ጋር ስለሚያስማማ ሒሳቡ እንዳለ በወገብ ላይ አይታይም፤ መንገዱን ግን በግልጽ ያሳያል። ይህች ሴት ከማኪያቶው በኋላ ሆዷ ስላልተነፋ አትጠራጠረውም፤ የሚነፋትን ሽሮ ግን ትከስሳለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳርና የመሳሰለው ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን አሳስቧል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም ያህል ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ብቻውን ወደ 35 ግራም ይይዛል።

የኑሮውም መለወጥ ድርሻ አለው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች እንደ ሆነ ይነገራል። ብዙ ሰው ከቤቱ እስከ ሥራው በእግሩ ይሄድበት የነበረ ሰፈርም ነበር። በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው አሮጌ መንደር ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ክፍላተ ከተማ ተዛውረዋል። በእግር ይመላለስ የነበረ ሰው ዛሬ በመኪና ተቀምጦ ሲመላለስ፥ ምግቡ ያው ሆኖ ሥራው ስላነሰ ትርፉ በወገቡ ላይ ይቀመጣል።

ስለ ጾም ወራት

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፥ ወተትና እንቁላል ስለማይበላ፥ የሰውነት መገንቢያ የሆነው ፕሮቲን በአብዛኛው የሚገኘው ከጥራጥሬ ነው። «ይነፋኛል» ብሎ ሽሮውንና ምስሩን ትቶ በዳቦና በስኳር ሻይ የሚውል ሰው ነፋሱን ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን ፕሮቲን አንሶት ጡንቻው ይመነምናል፤ በጡንቻውም ፈንታ ስብ ሊጨምር ይችላል። ሚዛኑ ሳይለወጥ ሰውነቱ ግን ይለወጣል ማለት ነው።

እህልና ጥራጥሬ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። በአገራችን በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ፋፋ የተባለው የልጆች ምግብ የተሠራው በዚሁ ዕውቀት ነበር። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው አገራዊ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬን ከዋነኞቹ የምግብ ክፍሎች ይቆጥራል። ስለዚህ ጥራጥሬውን መተው ሳይሆን አሠራሩን ማሻሻል ይገባል፤

ሀ) ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደርና የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቶ በአዲስ ውሃ መቀቀል፤

ለ) እናቶቻችን እንደሚያደርጉት አብቅሎ በቆልት አድርጎ መብላት፤ ሲበቅል ከሚነፋው ስኳር ብዙው ይጠፋልና፤

ሐ) ሽንኩርቱን መጠነኛ ማድረግ፤

መ) ጾሙ ሲፈታ አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመብላት ይልቅ በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ ብሎ ማላመጥ፤

ሠ) ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በእግር መሄድ፤ ይህ ነፋሱን ለማስወጣትም፥ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ለማውረድም ይረዳል።

የጤፍ እንጀራም ቢሆን ሊጡ ለሁለትና ለሦስት ቀን በሚገባ ቢቦካ ይመረጣል፤ በቡሃቃው ውስጥ የቦካው በሆዳችን ውስጥ አይቦካምና።

እንዴት እንለይ?

ለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ፥ ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፥ ትንፋሽን አስወጥቶ ወገብን መለካት ነው። ማታም ከእራት በኋላ እንደገና መለካት። የማታው ልክ ጨምሮ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ነገሩ ነፋስ ነው። የጠዋቱ ልክ ከወር ወር እየጨመረ ከሄደ ግን ቦርጭ ነው። ለወንድ ከ94፥ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ያለፈ የጠዋት ልክ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ለማስመርመር በቂ ምክንያት ነው።

ለመምህራን የምናሳስበው

የልጅ ሆድ ተቆዝሮ እጅና እግሩ ቢቀጥን «ጠገበ» ወይም «ወፈረ» አይባልም። ይህ የወስፋትና የሌሎች የአንጀት ትላትሎች፥ ወይም ክዋሺዮርኮር የተባለው የምግብ እጥረት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። እግሩ ያበጠ፥ ጠጉሩ የሳሳና ቀለሙ የተለወጠ፥ በክፍል ውስጥም ፈዝዞ የሚቀመጥ ልጅ ሲያዩ ቀን ሳያሳድሩ ወላጆቹን ጠርተው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ያድርጉ።

ጎልማሳም ቢሆን ሆዱ ለሳምንታት ሳይጎድል ቢቆይ፥ ያለ ምክንያት ቢከሳ፥ በሰገራው ደም ቢያይ፥ ትውከት ወይም ተቅማጥ ቢደጋገምበት፥ እግሩም ቢያብጥ በገዛ እጁ ምግብ እየመረጠ አይሰንብት። ዕድሜያቸው 50 ዓመት ያለፈ ሴቶች አዲስ የመጣና የማይለቅ የሆድ መነፋት ቢያገኛቸው በተለይ ይመርመሩ፤ የእንቁልጢ ካንሰር እንዲህ ሆኖ ሊጀምር ይችላልና። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር እንጀራውን በድንገት መተው የለበትም፤ የደሙ ስኳር ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላልና።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ከምሳ በኋላ ቀበቶ ሲጠብቃችሁ እንጀራውን ከመክሰስ በፊት ሜትር አንሡና ሦስት ቀን ለኩ። ነፋስ ከሆነ የወጡን አሠራርና የአበላልን ፍጥነት አስተካክሉ፤ ስብ ከሆነ ስኳሩን ቀንሳችሁ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፤ ሁለቱም ካልሆነ ወደ ሐኪም ሂዱ።